ቀስቷ የምትጋጭበት ጥግ

ጭጋግ ክላክስቪክን ከነወደቧ ውጦ፣
አባቴ ያልግሪም ሰልችቶት ቤት ተቀምጦ፣
ስክሪን ታቅፎ መጣ፣ ከጀልባው ያወጣው፣
ጨው ጥጉን የላሰው፣ ፀሐይ ያገረጣው።
ሃያ ዓመት ሙሉ ከባሕሩ ሆድ ዕቃ
የዓሣ መንጋ ያሳየው፣ ሲተኛ፣ ሲነቃ።
«ሱንቫ፣ ለጀልባው እንኳ አዲስ ገዝተናል፤
ሹራብ ንደፊበት፤ ይኼም ዕድሜ አለው፤ ያያል።»

እኔ ጠረጴዛ ላይ ሌላ አለ፣ የወር ልጅ፣
ሰፊ፣ ስስ፣ የጠራ፣ ብርሃኑ የሚፈጅ፤
ነጥቡን በነጥብ ላይ ጠቅጥቆ ያጨቀ፣
(ስምንት ሚሊዮን ይላል፤ ማን ቆጥሮ ዘለቀ?)
ያባቴ ስጦታ ወደ ካሬ ያደላል፣
ሚሊዮን ነጥብ እንኳ አይሞላም፤ ይጎድላል።

የገመዳቸው አፍ አልገጠመም፤ ያንዱ ጠፍጣፋ፣
የሌላው ሰማያዊ፣ ባለ ጥርስ፣ ሰፋፋ።
መሳቢያ በርብሬ አስማሚ አወጣሁ፤
አምና ነው በሱ ሰበብ ከእህቴ የተጣላሁ።

አሮጌው በራ።
መጀመሪያ አረንጓዴ፣ ቀጥሎ እንደ ወተት፣
ከዚያ ባዶ ሜዳ፣ ምንም የሌለበት።

ሴቲንጉን ከፈትሁ፤ ሁለት ሳጥን አለ፣
አንድና ሁለት የሚል ቁጥር የታደለ።
አንዱ ቤት ያህላል፣ ሌላው የዶሮ ቆጥ።
ማውሴን ስገፋት፣ ቀስቷ ስትሮጥ ስትሮጥ
ከድንበሩ ደርሳ ቀጥ! ብላ ቆመች።
ገፋሁ። አልሄደችም። ደግሜ ገፋሁ። እንቢ አለች።
ግድግዳ የለም እኮ፣ ምንም የሚታይ፤
ዝንብ መስታወት ላይ እንደምትሰቃይ
ትጋጫለች ቀስቷ፤ ትመለሳለች ደግሞ፤
አባቴ ከኋላዬ ይስቃል፣ ቆሞ።

የትልቁ ታችኛው ጎረቤት የለውም፤
የትንሹ ወለል እዚያ ድረስ አይደርስም፤
ስለዚህ ቀስቷ ወርዳ ወደሌለ ደጃፍ
ቆማ ታንኳኳለች፣ ሳትመለስ፣ ሳታልፍ።

«ይኼማ ወደብ ነው» አለ፤ «ባሕሩ ሲጎድል
ጀልባዬና ድንጋዩ መች ይሆናል እኩል?
እኔ ድንጋይ አላወርድ፣ ባሕር አላነሣ፤
ሳንቃ ነው የማጋድም። ይብቃሽ ያንቺ አበሳ።»

ሳጥኗን ጎተትኳት፣ ጥቂት ወደ ታች፣
እጄ በብዛት ከሚያልፍበት ጋር ተገጣጠመች።
ከዚያ በጉን ነዳሁት፣ የሹራቡን ጥለት፣
በደረት ዙሪያ ሊሰለፍ የታሰበለት።
አንገቱ ላይ ሲደርስ ድንበር ሲያቋርጥበት፣
ራሱ የኮርማ ሆነ፣ ኋላው የጠቦት።
አባቴ እስኪያስለው ሳቀ። «እኔስ» አለኝ፣
«እንዲህ ያለ በግ አርጄም አላውቅ፤ ገረመኝ።»

አዲሱን መቶ ሃምሳ ከመቶ አሳደግሁ፤
ሁለት መቶ ሞከርሁ፤ ፈራሁና ተውሁ።
ፊደሉ ተቀራርቧል ማለት ይቻላል፤
በጉ ግን እስካሁን ሲሻገር ይዘላል።

ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው።
አሮጌው ላይ በጉ ካሬ ካሬ ሆነ፣
ነጥቡ ሁሉ እንደ ጥልፍ ለብቻው ተበተነ።
ከቀንድ እስከ ሰኮና ሊቆጠር ይችላል፤
ጀርባው ሃያ ሦስት። ሆዱ አሥራ ስምንት ይሆናል።
አዲሱ የደበቀው፣ ያለሰለሰው ስህተት
እግሩ ላይ ፈጦ ታየ፣ አንድ ጥልፍ ጎድሎበት።
ሦስት ሳምንት ሙሉ አምሮ እየታየኝ ለኔ፣
አንካሳ በግ ኖሯል የሳልኩት በዓይኔ።

አባቴ ጠጋ አለ፣ መነጽር ሳያወጣ፣
ገመድ የበላው ጣቱን ወደ ብርሃኑ አመጣ።
አዲሱን ሲያይ «ያምራል» አለ፣ ለይሉኝታ፤
አሮጌውን ግን ቆጠረ፣ አንድ፣ ሁለት፣ በዝግታ።

ጭጋጉ ገለጥ ሲል ሄደ፤ ጀልባው ጠራው።
የበጉን እግር ሞላሁ። ይኸው አሁን ይራመዳል፣ ያው።
ታች ጥጉ ላይ ግን ቀስቷ ዛሬም ትጋጫለች፤
ማስተካከል ይቻላል። አልነካኋትም። ትቅር አልኳት። ቀረች።
ስሠራ አምሽቼ ድንገት ቀጥ ስትልብኝ፣
እጄን ከማውሱ አነሣለሁ፣
ሻዬ ቀዝቅዞ ይጠብቀኛል፤
በመስኮት ወደ ወደቡ አያለሁ፣
መብራቱን፣
ጀልባው ገብቶ እንደሆን።