ኳሷ የት ነበረች?

ከካዛንቺስ ቁልቁል፣ ከፍል ውሃ ማዶ፣
ሣር አለ መሃል ከተማ፣ በማሽን ታጭዶ።
ዘጠኝ ጉድጓድ አለው፣ ዘጠኝ ትንሽ ሰንደቅ፣
ከአጥሩ ወዲያ ክሬን፣ ከሥሩም ድንጋይ ሲደቀቅ።
«ቦሌ! አንድ ሰው! አንድ ሰው!» ይጮሃል ወያላ፣
ልክ አቶ ልሳኑ ሲያነሣ ዱላ።
እሱም ኳሷን ስቶ መሬቱን ይጎዳል፣
«ይሄ አይቆጠርም፤ ወያላው ነው» ይላል።

የሰው ዱላ አዝዬ አሥራ ዘጠኝ ክረምት
ከኋላ እየሄድኩኝ ስንቱን ታዘብኩት፦
አምስት መትቶ «አራት» ብሎ የሚጽፍ ጣት፣
ጓደኛው ሊመታ ሲል ስልኩ የሚጮህበት፣
ከአሸዋው የሚወጣ ዱካውን ሳይደፍን፣
የሰው ኳስ እዚያው ሲወድቅ በልቡ የሚዘፍን።
ይሄን ሁሉ አይቼ አልተናገርኩም፤
ለካዲ ዓይን ነው እንጂ አፍ አይሰጡትም።

ኅዳር ቅዳሜ ነው፤ የክበቡ ዋንጫ፤
ስምንተኛው ጉድጓድ፣ የነገሩ መቋጫ።
አቶ ልሳኑ መታ። ኳሷ ሄደች፣ ሄደች፣
ከባሕር ዛፍ ግርጌ፣ ሥሩ ሥር ተወተፈች።
ቀድሜ ደረስኩኝ። እሱ መጣ ኋላ፤
ዙሪያውን ቃኘና፣ ስልክ ያወራ መስሎ ከሌላ፣
በጫማው አፍንጫ ነካ አደረጋት፤
አንድ ክንድ ቢሆን ነው፤ ሣር ላይ አወጣት።

እኔ ሰማይ አየሁ፣ እንደ ሁልጊዜዬ፤
አንድ ጭላት ነበር የሚዞር በላዬ።
እንቁላል መስሎት ይሁን፣ ወይም የጎጆ ጌጥ፣
ወርዶ አፈፍ አደረጋት፣ እኛ ስናፈጥ።
ከአጥሩ ማዶ ወስዶ ቆርቆሮ ላይ ጣላት፤
«ኳ!» አለች። ውሻ ጮኸ። ዝምታ ዋጣት።

ተጠራች ወይዘሮ እንግዳወርቅ፣ የውድድሩ ሹም፣
ጡረተኛ መምህርት፤ እሷ ፊት ነፋስ አይቀልድም።
መነጽሯን አድርጋ ደንቡን አነበበች፦
«እንስሳ ከወሰዳት ቅጣት የለም፤ ከነበረችበት ትመለስ» አለች።
አንዱ፦ «ጭላት ወፍ ነው እንጂ እንስሳ አይደለም!»
ሌላው፦ «ወፍም እንስሳ ነው፤ አታካብድ ወንድም!»
ጠበቃ ጌዲዮን፦ «ኳሷ አየር ላይ ሳለች
በሕግ ዓይን ሲታይ የማን ነበረች?»
ከኋላ ያሉትም መጥተው ተጠራቅመው፣
ሰባት ሰው፣ አሥር ሰው፣ ሁሉም ዳኛ ሆነው።

እጇን አነሣችና፦ «ጸጥ በሉ እንግዲህ!
ኳሷ የት ነበረች? ያየህ አንተ ነህ?
ስምህስ?» አለችኝ፣ ለመዝገብ ልትጽፈው፣
አሥራ ዘጠኝ ክረምት ማንም ያልጠየቀው።
«ደርበው ውብሸት» አልኩ። የሌላ ሰው ስም መሰለኝ።
አቶ ልሳኑ ሳቅ አለ፤ ሣሩን በዓይኑ አሳየኝ።

ባለፈው መስከረም የልጄን ደብተር ገዝቷል፤
ክፉ ሰው አይደለም፤ ሲሸነፍ ብቻ ይከፋል።
«በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ተብሏል ድሮ፤
የገና ዱላ ግን የሚቆረጥ ነው ከጓሮ።
ይኼኛው በአውሮፕላን መጣ፣ ቀረጥ ተከፍሎበት፤
ጌታውም ይቆጣል፤ ጆሮው ሲቀላ አየሁት።

አፌን አልከፈትኩም። ተራመድኩ ወደ ሥሩ፤
እርጥብ አፈር ላይ ክብ ጎድጓዳ አለ፤ ጣቴን አኖርኩ ከዳሩ።
«እዚህ?» አለች። «እዚህ።» አቶ ልሳኑን ሳል ያዘው።
ከሥሩ ሦስቴ መትቶ፣ በአራተኛው ነው ያወጣው።

ዋንጫው ለጠበቃው ነበር፤ ግን ካርዱን ሳይፈርም ሰጠ፤
ሕግ አዋቂው በአንዲት ፊርማ ከሰንጠረዡ ተቆረጠ።
በመጨረሻ ማን ወሰደው? እኔ አላስታውስም፤
ጭብጨባ ሰማሁ ከሩቅ፤ ዱላ ስጠርግ አልቀረብኩም።

አቶ ልሳኑ ከፈለኝ፤ ሳንቲም አልጎደለም።
የሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላ ካዲ ያዘ፤ ሰላም አላለኝም።

ያን ማታ ስወጣ ግን፣ በአጥሩ ቀዳዳ አንድ ልጅ ጠራኝ፤
«ጋሼ፣ ኳስ ትገዛለህ? ሃምሳ ብር» አለኝ።
በሠላሳ ተስማማን። ጥፍር የቧጨራት ናት፤
ኪሴ ውስጥ ሆና ከበደች፣ እስከ ቤቴ ድረስ ይዤያት።
ዝናሽ፣ ባለቤቴ፣ «ምን ይሠራል?» ብላ ጠየቀች፤
አሁን ካልሲ ስትጠግን፣ ተረከዙ ውስጥ ትከታታለች።