ሰልፍ

ለገሃር፣ ነሐሴ አሥራ ሰባት፣ አንድ ሰዓት ሊሞላ፣
የታክሲው ሰልፍ ረዝሞ ታጥፏል ወደ ኋላ።
ከፊቴ የማየው ጀርባ ነው፣ ዝናብ የጠገበ ካፖርት፤
ከኋላዬ ጎልማሳ ይስላል፣ የከረመ ሳል፣ የክረምት።
እጆች ሁሉ ኪስ ገብተዋል፣ ወይ ቦርሳ አቅፈዋል በፍርሃት፤
አንዱ ሌላውን አይነካም፤ ሰልፍ ማለት ይኸው ነው፣
ተራ እስኪደርስ የሰው ማጅራት ማየት ነው።

በዚችው ቀን፣ በዚችው ሰዓት፣ በሰማንያ አንድ ዓመተ ምሕረት፣
እዚህ ፍልሰታ በተፈታ ማግስት፣
ሌላ ሰልፍ ውስጥ ነበርሁ፣ ከታሊን በሚወጣው ጎዳና፤
የታጨደ አጃ ይሸታል፣ ፀሐይዋ አልጠለቀችም ገና።

መንግሥት ነበር የላከኝ፣ የኤሌክትሪክ ሙያ ላጠና፣
ከታላቁ ወዳጅ አገር ብርሃን ይቀዳል ተብሎ ነበርና።
ያከራየችኝ ማይሙ ግን፣ መጋረጃ ስባ፣ ድምጿን ቀንሳ፣
ከካርታው ሥር የተኛ አገር ነገረችኝ ቀስቅሳ።

«ዴኑ ግንብ ሠራብን፣ ከተማችን በስሙ ቀረ፤
ጀርመኑ መስቀል ይዞ መጣ፣ መሬቱን ለራሱ አጠረ፤
ስዊድን ሄደ፣ ዛር ተተካ፣
አያቶቼ ባረሱት መሬት ሰባት መቶ ዓመት ሌላው ቃላድ ለካ።
ከዚያ ሃያ ሁለት ዓመት የራሳችን ሆንን፤
ገና አዝራሩን ሳንቆልፍ ካባውን ገፈፉን።»

እናቷን በመጋቢት ሌሊት በከብት ፉርጎ ሲወስዷት
የስፌት መኪናዋን አቅፋ ወጣች፤ እጀታው ብቻ ቀረባት።
እጀታው መስኮቱ ላይ አለ፣ ከአበባው ማሰሮ ጎን፤
ማይሙ እሑድ እሑድ ትወለውለዋለች፣ የሚሰፋ ነገር ያለ ይመስል አሁን።
ሰማያዊ፣ ጥቁር፣ ነጩን ጨርቅ ግን ትራስ ውስጥ ቀብራ
አርባ ዓመት ተኝታበታለች፣ ሕልሟን እንኳ ሳታወራ።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብዬ ተረትሁላት፤
«የኛው ድብ ነው» አለች፣ ሳቋ አመለጣት።

ሰዉ በአውቶቡስ መጣ፣ በትራክተር፣ በእግር፣ ሕፃን በትከሻ፤
ከዚህ ከለገሃር ተነሥቶ፣ ድሬዳዋን አልፎ፣ ደወሌ መዳረሻ
የሚደርስ የእጅ ሐዲድ፤ ግን አንድ ቦታ ላይ ጎደለ፣
በማይሙና በአንድ ትራክተር ነጂ መሐል የሰው ልክ ክፍተት አለ።
ፓስፖርቴ ደረት ኪሴ ነው፣ የድጎማ ደብተሬም አብሮ፤
ልቤ ገፋኝ፣ መለሰኝ፣ ገፋኝ፣ ተሸብሮ።
ነጂው ፊቴን አላየም። እጁን ዘረጋ፣ ናፍጣ የሚሸት፤
ገባሁ።
አሥራ አምስት ደቂቃ። ከአፍ ወደ አፍ፣
ቤት ሲቃጠል እንደሚቀባበሉት ባልዲ ውሃ ዓይነት፣
«ቫባዱስ» የሚሉት ቃል መጣ፤ ነጻነት ማለት፤
እኔም ተቀብዬ፣ ሳላንጠባጥብ፣ አቀበልሁት።

ለቤተሰቤ በዚያ ሳምንት የጻፍሁት «አየሩ ደህና ነው» ብቻ ነበር።
ሁለት ክረምት ቆይቶ፣ መብራት ኃይል መጋዘን፣ ሽቦ ስቆጥር፣
ሬዲዮው አገሯን በስሟ ጠራ፤ የማቅፈው ሰው አልነበር።

ታክሲ መጣ! ሰልፉ ፈረሰ፣ በክርን፣ በጃንጥላ፣ በስድብ፤
የኔ እግር አይፈጥንም፣ ቀረሁ ከኩሬው ወዲህ፣ ከነዝናብ።
ያ የሚያስለው ጎልማሳ ዞሮ አየኝና፣ ከበሩ ወርዶ፣
እጁን ዘረጋልኝ ከውሃው ማዶ።
ተሻገርሁ። እጁን ግን አልለቀቅሁም፤ ሰውዬው ግራ ገባው፣
«ምነው አባቴ፣ አመመዎት እንዴ?» አለኝ፣ ረዳቱ እየጠራው።

ገና አሥራ አምስት ደቂቃ አልሞላም፣
ልለው ነበር፤ አላልሁም።