አሥር ደቂቃ ይቅደም

ጠባሴ ላይ ያለች፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣
ግንባሩን ሳትገጭ ሰው የማታስገባ፣
የወንድይፍራው ሱቅ።

ሠላሳ ሰዓት አለ ከግድግዳዋ ላይ፣
አንደኛው ረፋድ ነው፣ አንደኛው ምሳ ላይ፤
ባለፔንዱለሙ ሲሻው ዝም ይልና፣
አሥራ ሦስት ይመታል ድንገት ይነሳና፤
ደግሞ ባለደወል፣ ሥዕሏ ዶሮ ናት፣
ስትለቅም ትውላለች ጥሬ ሳይኖራት፤
ነርስ ያስያዘችው የአሸዋ ብልቃጥ፣
ሦስት ደቂቃ ቆጥሮ ደክሞት የሚቀመጥ።

«የትኛው ነው ልኩ?» አልኩት አንድ ማለዳ።
(ስልኬ ዘጠኝ ይላል፤ ስድስቱ የሱ ዕዳ፣
ቀንሼ ነው የማምነው።)
ጫማውን አውልቆ ወጣ ወደ ሜዳ፣
አባቱ መሪጌታው እንዳስተማሩት፣
በገዛ ጥላው ላይ ተረከዝ ከጣት
እያገጣጠመ፣
«ሰባት ጫማ ከስንዝር» ብሎ ተመለሰ፤
አንዱን አስተካክሎ ሌላውን ዳበሰ።

ግን ከጣርማ በር ጉም የወጣ ለታ፣
ጥላ ሁሉ ይጠፋል፣ ወንድይፍራው ይረታ፤
የብርድ ልብስ ፋብሪካው ጡሩንባ እስኪጮህ ድረስ
ስንት ሰዓት ነው ቢሉት አይመልስም ለነፍስ።

በእንዲህ ያለው ቀን ነው፣ እትዬ የውብዳር
መሐረብ የፈታች ከጠረጴዛው ዳር።
የሟች ባሏ ሰዓት።
ሹፌር ነበር ሰውየው፣ በመሐል ሜዳ መስመር፣
በሌሊቱ ውርጭ ዶሮን የሚያሳፍር።

ከፈተው፣ ነፋበት፣ ዘይት ጠብ አረገ፣
ያች ትንሽ ጥርስ ዞረች፤ ቀጭ ቀጭ አደረገ።
ጡሩንባውን ጠብቆ ልኩን ሊሞላ ሲል
ያዘችው በክንዱ፦ «ተው፣ እንዳታስተካክል!
አሥር ደቂቃ ይቅደም። እንዲያ ነው ያኖረው፣
ሰው እንዳያስጠብቅ።»

ወንድይፍራው ተቆጣ፦ «አርባ ዓመት ሙሉ
ውሸታም ሰዓት ሞልቶ ሰጠን ነው የሚሉ?»
እሷ ግን አልጮኸች፤ ነጠላዋን ስባ፣
«ውሸት መች ሆነና» አለች ረጋ ብላ፣
«እሱ እዚያ ደርሷል፤ እኛ ነን የቀረን።»

ጡሩንባው ጮኸ።
ከግድግዳው በኩል አንዱ አሥራ ሦስት መታ፣
ማንም ዞር አላለ።
በጥፍሩ ጫፍ ይዞ ያችን ቁልፍ አዞረ፣
አንድ፣ ሁለት... አሥር። ቆጥሮ አስረከባት፣
ሒሳቡን ስትሰጠው ጣቷን አጠፈባት።

ጉሙ ሲገፈፍ ወጣ፣ ጫማውን አውልቆ፣
ጥላው እፊቱ ነው፣ አስፋልቱ ላይ ወድቆ፤
አንድ እግሩን አነሳ፣ መልሶ አኖረና፣
ሳይለካ ቆመ።