ዓምድ የሌለው ሒሳብ

የዓሣ ማኅበር ሒሳብ ያዥ ነኝ፣ ሐይቅ ዳር ነው ቢሮዬ፤
አንድ ሚዛን፣ አንድ መዝገብ፣ ቁልፉ የላላ ማስሊያዬ።
በግራ በኩል ገቢ፣ በቀኝ በኩል ወጪ፤
ካምና ሰኔ ወዲህ ግን ግራው ዝም፣ ቀኙ ተንጫጪ።

ውሃው አረንጓዴ ሆነ። መጀመሪያ አማረብን፤
«ሐይቁ ለምለም ለበሰ» አልን፣ ቀለሙ ደስ አለን።
ከዚያ አንድ ንጋት፣ ከሌሊት ዝናብ ማግስት፣
ቆሮሶው ሆዱን ሰቅሎ ተንሳፈፈ በየጥጋት።
ያዘው ጀልባውን ሳይፈታ ቆሞ ቆጠረ፣ ቆጠረ፣
ሁለት መቶ ላይ ሲደርስ ጣቱን አጥፎ ቀረ።

ተነሥተን ወጣን ወደ ላይ፣ ወደ እብሬ ሙሄ ማሳ፣
አምስት ሰው፣ አንድ ዱላ፣ ከረጢት ሙሉ የሞተ ዓሣ።
ጤፉ ጥቁር አረንጓዴ፣ መሬቱ እስከ ቦዩ አፍ ታርሶ፣
ቦዩ ደግሞ ቁልቁል፣ እኛው ውሃ ድረስ ፈስሶ።

እብሬ ዓሣውን አየ። ከዚያ ቤት ገብቶ ወጣ፣
ከላስቲክ ውስጥ ወረቀት፣ በአራት የታጠፈ፣ አመጣ፦
«ሁለት ኩንታል ዩሪያ፣ በብድር፤ ወለዱም እዚህ አለ።
ማታ በተንሁት፣ ሌሊቱን ያ ዝናብ ጣለ።
ግማሹ እናንተ ዘንድ ገባ፤ ዕዳው የኔ ነው፣ ለጥር።
ዓሣችሁን የገደለው እኮ የኔ ብር ነው፣ የኔ ብድር!
ከላይ የቆመ ሁሉ ጅብ ነው ያላችሁ ማነው?
እኔም እንደናንተው ነኝ፣ ጎርፍ እያሳሳቀ የወሰደው።»

ዱላው አፈረ። እኔ ግን መዝገቤን ገለጥሁ፤
ልማዴ ነው፣ ሰው ሲጣላ እኔ እደምራለሁ።

ከቦዩ ዳር አምስት ክንድ ቢተው፣ ደሾ ቢተክልበት፣
ሁለት ኩንታል ጤፍ ነው በዓመት የሚጎድልበት።
ዩሪያውን ከፋፍሎ ቢሰጥ፣ የዝናቡን ፊት አይቶ፣
ግማሽ ኩንታል ይተርፈዋል፣ ጎርፉ ሳይበላው ቀርቶ።
እኛስ? በአንድ ክረምት ብቻ ያጣነው ሲመነዘር፣
የሱን ሁለት ኩንታል አራት ጊዜ ይገዛ ነበር።

«እንክፈለው» አልሁ።
ያዘው ዘሎ ተነሣ፦ «የገደለኝን ልደጉም?
ነገ ሌላውም ቦይ አፍ አርሶ ‹ክፈሉኝ› ቢል አይገርምም!»
ሦስት ስብሰባ፣ ሁለት ኩርፊያ፣ አንድ የሽማግሌ ቀን፤
በመጨረሻ ፈረምን፣ ጣታችንን ቀለም ነክረን።

አለቀ ብዬ ብዕሬን ስከድን፣ ከበሩ ላይ
ጦይባ አሊ ቆማለች፤ ማሳዋ ከእብሬ በላይ።
«እኔ እርከኔን የካብሁት ባሌ በሞተ ዓመት፣
ልጅ በጀርባ፣ ድንጋይ በደረት።
አንድ ጓል ወደ ሐይቁ አልሰደድሁም፣ አሥራ አንድ ክረምት ሙሉ።
ላጠፋው ከፈላችሁ። ላላጠፋውስ፣ ምን ይላል ውሉ?»

መዝገቡን አገላበጥሁ። ገቢ አለ፣ ወጪ አለ፣ ዕዳ አለ፤
ሳይደርስ ለቀረ ጥፋት የተሰመረ ዓምድ የለ።

ዛሬ ነሐሴ ሰባት ነው። ሰማዩ በአምባሰል በኩል ጠቁሯል፤
የእብሬ ሣር ከጉልበት ደርሷል።
ውሃው ዘንድሮም አልጠራም፤
ጭቃው ውስጥ የስንት ዓመት ማዳበሪያ ተኝቷል።

በሕዳጉ ላይ፣ በእርሳስ፣ የጦይባን ስም ጻፍሁ፤
ከፊት ለፊቱ፣ ቁጥር ከሚገባበት፣ ባዶ ተውሁ፤
ላጲሱን ግን ደበቅሁ።