የምትዘገይ ቧንቧ

ዝናብ የማይለያት፣ በቦይ ዳር የተኛች፣
የጥጥ ፋብሪካዋን አፍርሳ የሸኘች፣
ላንካሺር ውስጥ አንዲት ትንሽ ከተማ አለች፤
ቲያትር ቤቷን ግን «አልሸጥም» ብላለች።

እኔ እዚያ ትኬት ቆራጭ፣ ደመወዝ የሌለኝ፣
የሰው ኮት ስሰቅል የራሴ የሚጠፋኝ።

ከመድረኩ ግራ፣ ከፍርግርጉ ኋላ
ኦርጋኑ ይኖራል፤
ሰባት መቶ ቧንቧ፣ አንዱ እንደ እርሳስ ቀጥኖ፣
አንዱ ጭስ ማውጫ አክሎ፣
በአንድ ሳንባ ያድራል።
ፊልም ዲዳ ሳለ አፍ ሊሆነው ነው የመጣ፤
ነጎድጓድ፣ የባቡር ፉጨት፣ የፈረስ ኮቴ ከሱ ነው የሚወጣ።
አውራ ዶሮም ነበረው፤
ከጦርነቱ ወዲህ ግን ጮኾ አያውቅ።

ሆዱን የሚያውቅለት ዊልፍሬድ ብቻ ነው፤
ጡረታ የወጣ የውሃ ቧንቧ ጠጋኝ።
«ሽንት ቤት ማለት ነው፣» ይላል፣ «ውሃውን በነፋስ ለውጠው፤
የቀረው ያው ነው።»

ሚስ ሁልዳ ክሮሾ፣ ጣቱ የተቆረጠ ጓንቷን አጥልቃ፣
አርባ አንድ ክረምት ተቀመጠችበት፣ ከብርዱ ተናንቃ።
ከሰባት መቶው ግን አንዷ፣
መሃል ላይ ያለችው ፋ፣
ቆዳዋ ደርቆባት፣ የዐይን ጥቅሻ ግማሽ
ተኝታ ነው የምትነቃ።
ሁልዳ አልከሰሰችም፣ አላማችም ለሰው፤
ቀለበት ያላየ የቀለበት ጣቷን
ያችኑ ያህል አስቀድማ ላከችው።
ጣት ቀድሞ ይሄዳል፣ ቧንቧ ዘግይታ ትመጣለች፣
መንገድ ላይ ይገናኛሉ።

አምና የሎተሪ ገንዘብ ደረሰን።
ከሊድስ ባለሙያ መጣ፣ ነጭ ካፖርት የለበሰ፤
ስድስት ሳምንት ፈታ፣ ጠረገ፣ አዲስ ቆዳ አለበሰ፤
«ሁሉም በሰዓቱ ነው» ብሎ ፈርሞ ተመለሰ።
ለዶሮው ገንዘቡ አልበቃም።

በምረቃው ምሽት
ከንቲባው ሐብላቸውን አጥልቀው ከፊት ተቀመጡ።
ሁልዳ ስትጀምር፣ ያቺ ፋ
ባለቤቷ ፀጉሯን ሳታደርቅ እንደሚደርስ እንግዳ
ዘላ ገባች። አንዴ። ደግሞ። ደግሞ።
ከኋላዬ አንዱ፣ ብስኩቱን እያኘከ፣
«እርጅና ነው፣» አለ፤ «ጣቷ ከዳት።»
እስከ ትናንት ድረስ ልክ የነበረ ጣት፣
ሌላው ሁሉ ሲቃና እሱ ጠመመባት።

ጓንቷን አለቦታው፣ ግራውን በቀኝ አጥልቃ ወጣች።
ከዚያ በየማለዳው በባዶው አዳራሽ
ጮክ ብላ ስትቆጥር እሰማት ነበር፤
አንድ፣ ሁለት፣
አንድ፣ ሁለት፣ እንደ ጀማሪ ልጅ።
አርባ አንድ ዓመት የተማረ ጣት ግን በሳምንት አይረሳም።

ሰኞ ማታ ዊልፍሬድ የበሩን መክፈቻ ጠየቀኝ።
«የሚያንጠባጥብ ነገር አለ፣» አለ።
እዚያ ውስጥ ውሃ እንደሌለ እያወቅሁ ባትሪ ያዝሁለት።
በጉልበቱ ዳኸ፣ በደረቱ ተሳበ፣
ከመሀረቡ ፈትቶ ያችን አሮጌ ቆዳ አወጣ፤
እንደ ሳንቲም ክብ፣ እንደ ቋንጣ ደረቅ፤
ከባለሙያው ቆሻሻ ውስጥ ነው የለቀማት።
አዲሲቱን ኪሱ ከተተ።
ምንም አላለኝም፤ እኔም አልጠየቅሁት።

ዐርብ ኮሜዲ ነበረን፤ አዳራሹ ግማሽ።
ፋ ዘንድ ስትደርስ ጣቷ እንደ ልማዱ ቀደመ፣
ቧንቧዋ አንቀላፍታ ነቃች፣
እጇም ላንዲት ቅጽበት በአየር ላይ ቆመ።
ወደ ፍርግርጉ አየች። ወደ እኛ አይደለም።
ከዚያ ቀጠለች፤
አውራ ዶሮውንም ሞከረችው፤ እምቢ አለ።

ሲያልቅ ኮቷን ያዝሁላት።
ዊልፍሬድ የአውቶቡስ ሳንቲም ሲፈልግ
ከኪሱ አንዲት ክብ ነገር ወድቃ
ከጫማዋ አጠገብ አረፈች።
ሁልዳ ጎንበስ ብላ አነሣች፤
በመብራቱ አየቻት፣ በአውራ ጣቷ ዳበሰቻት፣
መዳፉ ላይ አኖረች፤
«ቁልፍህ ወድቋል፣» አለችው፤ «የኮትህ።»