ሦስት ሰከንድ

ሻርጃ፣ ሮላ ሰፈር፤ ኤሲው ያንኮራፋል፤
የሉባባ መልኳ ስክሪኑ ላይ ያልፋል።
«እማዬ፣ ደህና ነኝ፤ ደመወዜም ጨምሯል።»
ከዚህ ቃል በፊት ግን ዝምታ ተሰውሯል፤
ሦስት ሰከንድ ብቻ። ዓይኗ በሩን ያያል፣
ከንፈሯ ተከፍቶ ቃሉ ይዘገያል።

«ያቺን ቁረጥልኝ፣ እማ ታለቅሳለች»
ብላ፣ በሹክሹክታ ድምጿን ልካልኛለች።

ቆረጥኩና አየሁት፤ ስፌቱ አይታይም፤
ሳቅ ከሳቅ ተጋጥሟል፣ መሃል ክፍተት የለም።
ደግሜ አጫወትኩት። ቃሉም፣ ሳቁም አለ፤
የሰው ትንፋሽ ብቻ ከመሃል ጎደለ።

ጠቋሚው ብልጭ ይላል የቆረጥኩበት ላይ፤
ከሚሴ ያለች እናት ይህን አታውቅም ወይ?

አንዷን መለስኩላት፣ ሁለቱን አስቀረሁ፤
ልልክ ስል አዛን አለ፤
እንደገና አየሁ።