በድንች ማሳ ያለፈች መርከብ

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት። ካስሙ፣ የኢስቶኒያ ባሕር ዳር፤
አሥራ አንድ አዛውንት ተኝተዋል፤ የኔ ተራ ነው ነቅቶ ማደር።
አንዱን ብቻ እንቅልፍ አይወስደውም፤ ኤንደል፣ የጥንት ሬዲዮ ሠራተኛ፣
ብርድ ልብሱን ተከናንቦ፣ መስኮት ስር፣ የባሕሩ ዘበኛ።
ስም፣ ሰዓት፣ ባንዲራ ይከትባል፣ በድዳ እርሳስ፣ በደብተር፤
ሪፖርቱን የሚቀበለው ቢሮ ከነመንግሥቱ አልቋል፣ እሱ ግን አልለቀቀም ነገር።
«ሆዷ ከውሃው ከፍ ካለ ባዶ ናት» ይለኛል፤ «ከሰመጠ ጠግባለች፤
ዘይት የጠገበች መርከብ እንዳረገዘች ላም ታዘግማለች።»

እኔ በስልኬ ነው የማየው። ካርታው ላይ ነጥብ ይርመሰመሳል፤
ቀዩ ነዳጅ የጫነ ነው፤ አረንጓዴው እህል ይመስላል።
ከቀዮቹ ባንዷ ውስጥ፣ ከታች፣ ሞተሩ ከሚያጓራበት፣
ወንድሜ ታዘበው አለ፣ ጆሮውን በጥጥ ደፍኖበት።
ባቦጋያ ሐይቅ ዳር ነው የባሕርን ነገር የተማረው፤
ማዕበል የማያውቅ ውሃ ነው፣ መርከበኛ ሁን ብሎ የመረቀው።

ሲቀጠርባት «ኦሬሊያ» ነበረች፤ በሰኔ «ኖርድ ጃስሚን» ሆነች፤
በጥቅምት ቀለም ተቀብታ «ሲባ» ተብላ ተነሣች።
ብየዳው ግን አይዋሽም፤ የፊቱ ስም ከስር እንደ ጠባሳ አለ፤
ስም ከመቃብር በላይ ይውላል፤ ይኸኛው ከቀለም በታች ዋለ።
ባንዲራዋ ባሕር የሌለው አገር ነው። ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ዋጥኩት፤
እኔስ የማን ልጅ ነኝ፣ ወደብ በሌለው አገር መሳቅ የደፈርኩት?

ስምንት ከአሥራ ሁለት።
ነጥቧ ጠፋች።

ስክሪኑን በአውራ ጣቴ ሳብኩት። ደግሜ ሳብኩት። የለችም።

ከሥሩ ገመድ የተዘረጋ፣ ከላዩ የጦር ጀልባ የሚዞረው፣
ሰሞኑን መልሕቁ የከዳውን ሁሉ እንደ ሌባ የሚያየው፣
እንዲህ ያለ ውሃ ነው ይኼ። መጥፋትም ወንጀል፣ መታየትም።

ስምንት ተኩል ላይ ብቅ አለች። ባሕሩ ላይ ግን አይደለም፤
ከመንደሩ ጀርባ፣ የማይሬ ድንች ማሳ መሐል፣
በዘጠኝ ኖት ፍጥነት፣ ወደ ምሥራቅ።

«አይግረምሽ» አለ ኤንደል። «ከሰማይ የሚወርደውን ምልክት ያሰክሩታል፤
ባለፈው ሐሙስ አንዷ ቤተ ክርስቲያኑን ሰንጥቃ አልፋለች፤
ቄሱ እንኳ አልነቃም።»

ለምን እንደሄድኩ አላውቅም። ቦቲዬን አጠለቅኩ፣ ባትሪ ይዤ ወጣሁ።
ውርጩ እግሬ ስር ይንኮሻኮሻል፤ ማሳው ከተቆፈረ ሰንብቷል፤
ካርታው «እዚህ ናት» ይላል፤ እዚህ አንድ የተረሳ ባልዲ ተደፍቷል።
በደረቴ ትክክል መቶ ሺህ ቶን ዘይት አለፈ፤
ሽታ የለው፣ ድምፅ የለው፣ አንዲት ቅጠል አላረገፈ።
እጄን አነሣሁ። «ስምህ ታዘበው፤ አንተን ማን ይታዘብህ?» አልኩ፤
ጣቴ ሲደነዝዝ ጊዜ እጄን ወደ ኪሴ መለስኩ።
ከጥዶቹ ወዲያ፣ እውነተኛው ባሕር ላይ፣ አንድ መብራት ይሄዳል፤
የሱ ይሁን የሌላ፣ ከዚህ ማን ይለያል?
ስመለስ የተረፈ ድንች እግሬን መታኝ። ሦስት ለቀምኩ።

ኤንደል ጠበቀኝ። እርሳሱን በምላሱ አርሶ ጻፈ፦
«ማሳ። ስምንት ከአርባ። ነዳጅ ጫኝ። ስም፣ አልተረጋገጠም።
ምስክር፣ አንዲት ሴት። ጫማዋ ጭቃ።»

ሊነጋ ሲል መልእክት ገባ፦
«እኅቴ፣ ደህና ነኝ። እታች መስኮት የለንም፤
የት እንደደረስን አይነግሩንም።
እስኪ ካርታሽን እዪልኝ፤
የት ነኝ?»

መጻፍ ጀመርኩ። አጠፋሁት። እንደገና ጀመርኩ።
ምድጃው ላይ ሦስቱ ድንች ይንተከተካሉ።